ቮልስዋን ስንሸጥ ሙያውን አብረን እንዳንጥል

«የአንድ ዕቃ ዋጋው ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ይመስላል። እኔም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ተመርቄ የወጣሁ እንደመሆኔ፣ «ዋጋ ማለት ገዥና ሻጭ ወደውና ፈቅደው የተስማሙበት ገንዘብ ነው» ብዬ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ይሁን እንጂ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ አሮጌ ቮልስዋገናቸውን ለመሸጥ በተነሡ ጊዜ፣ ያ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት መልስ የነገሩ ግማሽ ብቻ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ዛሬ ለአንባቢዎቼ፣ ይልቁንም ገና በትምህርት ገበታ ላይ ላላችሁና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመራችሁ ጓደኞቼ፣ የማቀርበው አስተያየት ከዚሁ ነገር የተነሣ ነው።

እኚህ ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። መኪናቸው የ1958 ዓ.ም. ሥሪት ስትሆን፣ እሳቸው ከሌላ ሰው እጅ የገዟት በ1974 ዓ.ም. ነው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ ሙሽራ የወሰደች፣ ምጥ የያዛትን የጎረቤት ሴት በሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰች መኪና ናት። ዛሬ ግን የጋሼ ዐይን ደክሟል፤ የጡረታ አበላቸውም ከገበያው ጋር እኩል መራመድ አልቻለም፤ የልጅ ልጃቸውም የኮሌጅ ክፍያ ትጠብቃለች። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ደላላ «አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው አለኝ፤ ዋጋውም መልካም ነው» እያለ መጣ። ጋሼም አስጠሩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህ። ለመሆኑ ፈረንጅ አሮጌ መኪና በስንት ይገዛል? እስቲ ፈልገህ ንገረኝ» አሉኝ።

እኔም ፍለጋ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ያገኘሁት የአንዲት የጀርመን የስፖርት መኪና ታሪክ ነው። በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሞንተሬይ ከተማ፣ አርኤም ሶዝቢስ የተባለው የሐራጅ ድርጅት ፖርሽ ታይፕ 64 የምትባለውን መኪና ለሰብሳቢዎች አቀረበ። መኪናዋ የተሠራችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ሲሆን፣ ከዓይነቷ ከሦስት በላይ አልተሠራም። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች ተብሎም ተገምቶ ነበር። ሐራጁ ሲከፈት አጫራቹ 13 ሚሊዮን ብሎ የጠራው በትልቁ ሰሌዳ ላይ 30 ሚሊዮን ተብሎ ታየ። እንዲሁ እየጨመረ ሄዶ ሰሌዳው 70 ሚሊዮን ባሳየ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወዲያው ግን አጫራቹ የጠራው 17 ሚሊዮን እንጂ 70 ሚሊዮን አለመሆኑን አስታወቀ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሥራ ሰባትና ሰባ አነጋገራቸው ስለሚቀራረብ ጆሮ ተሳስቶ ኖሯል። ጭብጨባው ወደ ማጉረምረም ተለወጠ፤ መኪናዋም በዚያ ቀን ሳትሸጥ ቀረች።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ጆሮ በመሳሳቱ 53 ሚሊዮን ዶላር ለጥቂት ጊዜ ተፈጥሮ ተመልሶ ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ አንድ ብሎን እንኳ አልጨመረችም፤ አልቀነሰችምም። ዋጋ የሚባለው ነገር በዕቃው ውስጥ ያለ ሳይሆን በሰዎች አሳብ ውስጥ የሚኖር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፎቼ ውስጥ አላገኘሁም።

ጋሼን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያች የሚሊዮኖች መኪና የእሳቸው ቮልስ የሥጋ ዘመድ ናት። ሁለቱም የአንድ ሰው፣ የፈርዲናንድ ፖርሽ፣ አሳብ ውጤቶች ናቸው። ታይፕ 64 የተሠራችው በቮልስዋገን መሠረት ላይ ሲሆን፣ ዓላማውም በ1939 በመስከረም ወር ከበርሊን እስከ ሮም ሊደረግ ታስቦ ለነበረው የመኪና እሽቅድምድም ነበር። ያን ጊዜ በርሊን የናዚዎች፣ ሮምም የፋሽስቶች መናገሻ ነበረች። እሽቅድምድሙ የሁለቱን ወዳጅነት ለዓለም ለማሳየት ሲታሰብ፣ የሮም ወታደር አዲስ አበባን ይዞ ይገዛ ነበር፤ አርበኞቻችንም በየዱሩ ይዋደቁ ነበር። ጦርነቱ ስለ ተነሣ እሽቅድምድሙ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላም በ1948 ፖርሽ 356 የተባለችው የመጀመሪያዋ የስፖርት መኪና ስትወጣ ብዙው ዕቃዋ የተወሰደው ከዚያችው ከቮልስዋገን ነው።

የቮልስዋገንም ታሪክ እንዲሁ የሚያስተምር ነው። ስሙ በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። የሂትለር መንግሥት ሠራተኛው በሳምንት 5 ማርክ ቴምብር እየገዛ በካርድ ላይ እንዲለጥፍና 990 ማርክ የምታወጣውን መኪና እንዲረከብ ተስፋ ሰጠ። ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን አጠራቀሙ። ዳሩ ግን ከእነዚህ አንድ እንኳ መኪናውን ሳይረከብ ፋብሪካው ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ ዞረ። ጦርነቱ ሲያልቅ በቦምብ የተጎዳውን ፋብሪካ እንደገና ያስነሣው ሻለቃ አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ከዚያ በኋላ ይህች መኪና ዓለምን ሁሉ አዳረሰች። በ1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ በመሠራት የፎርድን የሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2003 በሐምሌ ወር በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ የመጨረሻዋ ስትወጣ ቁጥሩ 21 ሚሊዮን ከ529 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

ወደ አገራችንም በመጣች ጊዜ ፈጥና ተለመደች። መምህሩ፣ የመንግሥት ጸሐፊው፣ ነጋዴው ሁሉ ወደዳት። ስሟን እንኳ አሳጥረን «ቮልስ» አልናት። እንዲያው ለነገሩ ይህ የኛ ሰፈር ራሱ ስሙን ያገኘው ከባዕድ አገር ከመጣ መሣሪያ ነው፤ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» ብሎ በራሱ ቋንቋ ጠራው፤ የአገሩም ስም ሆኖ ቀረ። ቮልስም እንዲሁ የኛ ለመሆን ጊዜ አልፈጀባትም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውኃ ስላልሆነ፣ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ከተማችን ዳገት ስትወጣ ውኃዋ ፈላ አይባልም፤ ራዲያተር የላትምና። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት መሆኑ ሕፃናትን ሲያስቅ ኖሯል። የታሪክ ምስክርም ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህች መኪና ስም ከአንድ ዘመን መዘጋት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ታዲያ ዛሬ የቮልስ ዋጋ ለምን ናረ? አንደኛው ምክንያት መኪናዋ መሠራቷ ከቆመ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነ የሚጠፋ እንጂ የሚተካ የለም። ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ሦስተኛው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ገለጸ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚያስብ ገዥ ዐቅሙ በአንድ ጊዜ ጨመረ። በዚህም ላይ ወጣቶች አሮጌ ቮልስ እየገዙ ቀለም እየለወጡና እያሳመሩ መንዳት ጀምረዋል። ትናንት በየግቢው ጥግ ዶሮ ይተኛባት የነበረችው መኪና ዛሬ ደላላ የሚፈልጋት ሆነች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የመጽሐፌን ትምህርት የሚያጸና ነው። ነገሩ የተለወጠብኝ ገዥው የላከው ሰው መኪናዋን ለማየት በመጣበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጋሼ የዘወትር መካኒካቸውን አስጠርተው ነበር። እኚህ መካኒክ በሳሪስ በኩል በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። የገዥው ሰው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ መኪናዋን ይዞር ጀመር።

«ይህ ፓራፋንጎ የፋብሪካ አይደለም» አለና ጻፈ።

«አዎን፤ እኔ ነኝ ከላሜራ ቀጥቅጬ የሠራሁት። ሚኒባስ ገጭቷት ነበር» አሉ መካኒኩ።

«ወለሏ ተበይዷል።»

«ዝገት በልቶት ነበር። አዲስ ከየት ይምጣ?»

«ኤሌክትሪኳ ተቀይሯል።»

«ስድስት ቮልት ነበረች፤ ባትሪው ሲጠፋ በ12 እንድትሠራ አደረግኋት።»

ሰውየው ቀጥሎ ሊብሬውን ተቀበለና የሞተሩን ቁጥር ከሻሲው ጋር አስተያየ። ሞተሩ ከሌላ ቮልስ የመጣ ስለሆነ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻም የጻፈውን ሁሉ ደምሮ ደላላው ከተናገረው ዋጋ ላይ ቀነሰ። ለሰብሳቢ መኪና ማለት ከፋብሪካ እንደወጣች ያልተነካች ናትና፣ ከሕጉ አንጻር ሰውየው አልተሳሳተም፤ በዓለም ሁሉ የሰብሳቢዎች ሕግ ይኸው ነው።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሽማግሌውን ፊት ተመለከትሁ። ሰውየው ከዋጋዋ የሚቀንስባት ነገር ሁሉ መኪናዋ እስከ ዛሬ በሕይወት የቆየችበት ምክንያት ነው። ፓራፋንጎው ባይቀጠቀጥ፣ ወለሉ ባይበየድ፣ ሞተሩ ባይቀየር ኖሮ ሰውየው የሚገዛት መኪና አትኖርም ነበር። 40 ዓመት የደከሙበት ሥራ በወረቀት ላይ «ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። በምጣኔ ሀብት ትምህርት ይህን የመሰለውን ነገር የምንጠራበት ስም ይኖር ይሆናል፤ በአማርኛ ግን «የወለደችን እናት ስለ መውለዷ መክሰስ» ቢባል የሚበዛ አይመስለኝም።

በዚህ ላይ የራሴንም ስሕተት ልናዘዝ። ከጥቂት ወራት በፊት ጋሼ በዚችው መኪና ከላፍቶ ዳገት ላይ ይዘውኝ ሲወጡ በመሪው ፊት ቀይ መብራት በራ። እኔም እንደ ዐዋቂ «ጋሼ፣ ባትሪው ኀይል እየሞላ አይደለም ማለት ነው፤ ችግር የለውም፤ ቤት እንድረስና እናየዋለን» አልኋቸው። እሳቸው ግን ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን አጠፉ። ለካስ በቮልስ ላይ ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ የምታዞረው እርሷው ናት። ቺንጋዋ ከተበጠሰች መብራቱ ስለ ባትሪ ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ሞተሩ ነፋስ አጥቶ ሊቃጠል መሆኑንም ይናገራል። ጋሼ ከኮፈኑ ሥር ሁልጊዜ የሚይዟትን ትርፍ ቺንጋ አውጥተው በጥቂት ደቂቃ ቀየሩ። «ይህን ማን አስተማረዎት?» ብላቸው «መካኒኩ ነዋ! አንተ ሳትወለድ ዓባይ በረሃ ላይ ሞተር አቃጥዬ ከመጣሁ በኋላ ቆጥቶ አስተማረኝ» አሉኝ። እንግዲህ እኔ መብራቱን አነበብሁ፤ እሳቸው ግን ትርጉሙን ዐወቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሙያ ይባላል።

ይህ ሙያ በመኪናዋ ሊብሬ ላይ አልተጻፈም። በማናቸውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። የሚኖረው በሽማግሌው ጣትና ጆሮ ውስጥ ነው። አመጣጡም የሚያስደንቅ ነው። በጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸውን ቃላት እስቲ እናስተውል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሊገዛን የመጣው ጠላት ሲባረር ቃሉን ጥሎ ሄደ፤ ጀርመኖች መኪናውን ላኩ፤ እነዚህን ይዞ በሶማሌ ተራ ዕቃ እየፈለገ፣ ሲጠፋም ከላሜራ እየቀጠቀጠ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያንቀሳቀሰው እጅ ግን የኛ ነው። መለዋወጫ በታጣባቸው ዓመታት የተፈጠረ ዕውቀት ስለሆነ በገንዘብ ከውጭ አገር ሊመጣ አይችልም። ለነፋሳችን መሳሳት የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ምን ያህል ማጥበብ እንደሚገባ የጀርመን መጽሐፍ ለአዲስ አበባ ብሎ አልጻፈም፤ ሳሪስ ያለው ሽማግሌ ግን ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ አስተያየት ላይ ተቃውሞ ሊያቀርቡ ይችላሉ። «አሮጌ መኪና ጭስ ይተፋል፤ ፍሬኑ ደካማ ነው፤ ከአደጋ የሚጠብቅ መሣሪያ የለውም፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ታዲያ ስለ ቮልስ ማልቀስ ኋላ ቀርነት አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት አላቸው። እኔም ቮልስ ሁሉ በመንገድ ላይ ይኑር አልልም። ሌሎች ደግሞ «ንብረቱ የሰውየው ነው፤ ሽጦ ቢጠቀምበት ምን ያገባችኋል?» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። የልጅ ልጃቸውን ማስተማር ለጋሼ ከብረት ይበልጣል፤ ሊበልጥም ይገባል። የሰብሳቢንም ሥራ አልነቅፍም፤ እንዲያውም ጥላ ሥር የሚያስቀምጣት ሰው ባይኖር ብዙዋ ቮልስ በዝናብ ዝጋ ታልቅ ነበር።

የኔ አሳብ ሌላ ነው። መኪናዋ ስትሸጥ ብረቷ ብቻ ይሄዳል ብለን እናስባለን። ነገር ግን በየሰፈሩ ያሉ ቮልሶች ሁሉ ከመንገድ ወጥተው ወደ ሰብሳቢ ግቢ ሲገቡ፣ በየሳምንቱ ያሠሩት የነበረው ሽማግሌ ሥራ ያጣል፤ ሥራ ሲያጣ ረዳት መቅጠሩን ይተዋል፤ ረዳት ሲያጣ የሚያውቀውን ይዞ ይሞታል። ያን ጊዜ የተሸጠው አንድ መኪና ሳይሆን ሰው የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ለዚያ የተከፈለ አንድ ሳንቲም እንኳ የለም፤ ዋጋ ውስጥ አልገባምና። ፈተና ላይ የጻፍሁት መልስ ጎዶሎ ነበር ያልሁትም ስለዚህ ነው።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ለሚሉትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ በከተማችን መንገድ የቮልስዋገንን ምልክት ለጥፈው የሚሄዱ አይዲ 4 እና አይዲ 6 የሚባሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን እናያለን። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ተብላ የተሠራች ናት። ብዙዎቹ በነጋዴ እጅ ከቻይና የመጡ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር የጀርመን ፕሬዚዳንት አዲስ አበባን በጎበኙ ጊዜ ቮልስዋገን በኢትዮጵያ መኪና ለመገጣጠምና ባለሙያ ለማሠልጠን የመግባቢያ ሰነድ መፈረሙን እናስታውሳለን፤ መኪናዎቹ ግን ሌላ መንገድ ፈልገው ቀድመው መጡ። እነዚህ መኪናዎች ነገ ሲያረጁ ማን ይሠራቸዋል? ባትሪያቸው ሲደክም፣ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ በየግቢው ቆመው ይቀራሉ ወይስ አንድ ብልኅ እጅ ያስነሣቸዋል? የቮልስ ሽማግሌዎች ለኛ የሚያስተምሩን ስለ ካርቡራተር ብቻ አይደለም። ከሩቅ አገር የመጣን መሣሪያ ሳይፈሩ መክፈትን፣ መሣሪያው የሚሰጠውን ምልክት ማስተዋልን፣ የጠፋውን በእጅ መተካትን ነው የሚያስተምሩን። ይህን ትምህርት የሚፈልገው ካለፈው ዘመን ይልቅ የሚመጣው ዘመን ነው።

እንግዲያስ ምን እናድርግ? ከወቀሳ ይልቅ የሚሠራ ነገር ማመልከት ስለሚሻል ሦስት ነገር ልጠቁም።

መጀመሪያ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት የመኪናዋን ታሪክ በደብተር ይጻፍ፤ የትኛው ዕቃ መቼ ተሠራ፣ በምን ተተካ፣ ማን ሠራው የሚለውን በፎቶግራፍ አስደግፎ ያኑር። ይህ አንድ ደብተርና ሁለት እሑድ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለዚህም ሥራ ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የተመቻችሁ ናችሁ፤ ስልካችሁ ፎቶ ያነሣል፤ ብዕራችሁም ጽሑፍ ለምዷል።

ሁለተኛ፣ የሙያ ማሠልጠኛዎች ጡረታ የወጡና በየጋራዡ ያሉ አሮጌ መካኒኮችን በክብርና በክፍያ እየጋበዙ ያስተምሩባቸው። በዚሁ በኛ ክፍለ ከተማ የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ በመሀል ከተማም ስመ ጥሩው ተግባረ ዕድ አለ። ዲፕሎማ የሌለው ሽማግሌ በክፍል ውስጥ ቆሞ ቢያስተምር የኮሌጁ ክብር ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብና መመሪያ የምታረቁ ወጣት ሹማምንት የአገሩን ሕግ ተመልከቱ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ስላለው ቅርስ ብቻ ሳይሆን ግዙፍነት ስለሌለውም ይናገራል። መኪናዋ ግዙፍ ናት፤ የሽማግሌው ሙያ ግን ግዙፍነት የለውም። ስለ አሮጌ መኪና ስትጽፉ ቁራጭ ብረት የሆነውንና ታሪክ የሆነውን ለዩ። በሙዚየምም አንዲት ቮልስ የምትቀመጥ ከሆነ ከፋብሪካ እንደወጣች የምታብለጨልጨው ሳትሆን፣ በሳሪስ ላሜራ የተጠገነችው ትቀመጥ። የኛን ታሪክ የምትናገረው እርሷ ናትና።

አንባቢዎቼ የጋሼ መኪና ምን ሆነች ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ተሸጠች። ዋጋው ደላላው በመጀመሪያ ከተናገረው ያነሰ ቢሆንም የልጅ ልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን ነበር፤ ጋሼም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። መኪናዋ ከመሄዷ በፊት እኔና መካኒኩ ሁለት እሑድ ተቀምጠን የሠሩላትን ሁሉ በደብተር ጻፍን። እሳቸው እየተናገሩ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ባለማወቄ ደጋግሜ ስጠይቃቸው፣ «ይህን ሁሉ ትምህርት ተምረህ ማርሚታ መጻፍ ያቅትሃል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ደብተሩን ከሊብሬው ጋር ለገዥው ሰጠነው፤ ቅጂውን እኔ አስቀረሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከገዥው ዘንድ ስልክ ተደወለ። ቮልስዋ በአዲሱ ግቢ አልነሣም ብላ ኖሯል። ያ ጉድለቷን ሲቆጥር የነበረው ሰው ራሱ መኪና ይዞ መጥቶ ሽማግሌውን ከጋራዣቸው ወሰዳቸው። እሳቸውም ከመሄዳቸው በፊት አንድ ውል አስገቡት። የእጃቸውን ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ደግሞ በመጡ ቁጥር አንድ የሰፈር ልጅ ለመማር አብሯቸው ይገባል። ሰውየውም ተስማማ።

እኔ ዛሬ በፈተና ላይ «ዋጋ ምንድን ነው?» ተብዬ ብጠየቅ፣ የመጽሐፉን መልስ ከጻፍሁ በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ «ዕቃው ያለ ባለሙያው የማይነሣ ከሆነ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ገና አለ» ብዬ። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ እሑድ በሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ጋራዥ ፈልጉ፤ ሽማግሌውን ሰላምታ ሰጥታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚመልሱላችሁንም ጻፉ። ይህ ሒሳብ መከፈል የሚጀምረው ከዚያ ነው።